ዘመድ የሌለው ቢስክሌት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በላይ ሽብሩ፣ ድሬዳዋ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እትዬ ምንትዋብን ያ ወገቧን የሚያማት ነገር ለቀቃት ወይ? ሕፃኑ ጥርስ አበቀለ ወይስ እንደ ጎረቤታችን እንደ ባላምባራስ በድዱ ብቻ ይቆጣል? የባቡሩ ጋራዥ አለቃህስ ዛሬም ይጮኻል ወይስ ሙቀቱ አለዘበው? እኔ ታናሽ እኅትህ ሸዋጌጥ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ካንተ ናፍቆትና ከአንድ ቢስክሌት በስተቀር ደኅና ነኝ። እማማም ደኅና ናት። ታናሻችን አዱኛም ደኅና ነው፤ አፍንጫውን እንደ ድሮው አይጠርግም። አባባም አካላቸው ደኅና ነው፤ የታመመው እንጀራቸው ነው።

እማማ «ታላቅ ወንድምሽን አንቱ ብለሽ ጻፊ» ብላኝ ነበር። «እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ስጀምር በልጅነቴ ጆሮህን ነክሼህ በርበሬ እንደ ገባበት ሰው ያለቀስከው ትዝ አለኝና ብዕሬ እንቢ አለች። ስለዚህ አንተ ብዬሃለሁ። ለሰው ጮክ ብለህ የምታነበው ከሆነ አንቱ እያደረግህ አንብበው።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ለብቻህ አንብበው። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። እኔ፣ የባላምባራስን ውሻ በጅራቱ የያዝኩት ሸዋጌጥ፣ ፈርቻለሁ። አባባ ከፍርድ ቤት የአስተርጓሚነት ሥራቸው ታግደዋል። በመታገድ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ለማርያም ጧፍ አበራለሁ፤ እማማ ግን «ይታሰራሉ» ብላ ከአሁኑ የስንቅ አገልግሉን አውርዳ አራግፋዋለች። ይህን ሁሉ ያመጣብን ከላይኛው ሰፈር እስከ ገበያ የማይሞላ አጭር መንገድ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከተማችን ሠልጥናለች። አሥመራ ሄዶ ቀረ ስንለው የነበረው ጆቴ ቢስክሌቶች በካሚዮን ጭኖ ተመለሰና ለነቀምቴ ሰው ሁሉ ላካፍል አለ። እሱ ነቀምቴ ይላል፣ አባባ ለቀምት ይላሉ፣ ከተማዪቱ ለሁለቱም አቤት ትላለች። ጆቴ እንደ ሌላ አገር አከራይ ቢስክሌቱን ለአንድ ሰው ለቀን አይሰጥም። ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ መቆሚያ አለው፣ ታች ገበያው አፍ ላይ ሌላ። ከላይ ወስደህ ታች ታስረክባለህ፣ ከታች የወሰደም ላይ ያስረክባል። ስትወስድ የቆርቆሮ ቁራጭ ይሰጥሃል፣ ስትደርስ ቁራጩን ከነቢስክሌቱ ትመልሳለህ፤ ከዚያ በኋላ ቢስክሌቱ የሌላ ሰው ነው። የነፍስ አባታችን ይህን ሲሰሙ «የጋራ ሚስት ቀርቶ የጋራ በቅሎ እንኳ ሰምተን አናውቅም!» ብለው ከመቅደሱ ደጃፍ ገሠጹ። ብዙም ሳይቆይ ካባቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው ቁልቁል ሲበሩ ታዩ፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ከኋላቸው እንደ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለብ ነበር።

አገሩን ታውቀዋለህ፣ ቁልቁለት ነው። ቁልቁል ሲሆን ሽማግሌ ሳይቀር ጋላቢ ነው፤ ሽቅብ ሲሆን ጎረምሳውም እግረኛ ነው። ስለዚህ ገና ረፋዱ ላይ ቢስክሌቶቹ ሁሉ ታች ገበያው አፍ ላይ እንደ ማገዶ ይከመራሉ፣ ላይኛው መቆሚያ ባዶውን ይቀራል። ጆቴ መላ ሲያጣ አህያ ተከራየ። ቢስክሌት በአህያ ተጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ያየህ እንደሆነ ማን ማንን እንደሚጋልብ ይጠፋሃል።

ላይኛውን መቆሚያ የሚጠብቁት የጆቴ አጎት ኦቦ ባቻ ናቸው። ዓይናቸው ስለሚያለቅስ ሁልጊዜ የሚያዝኑ ይመስላሉ እንጂ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ የሚያውቁት «ግብር» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ እሷንም ስትጠራ ሰምተው ይሸሻሉ እንጂ አይናገሯትም።

አባባን ደግሞ ታውቃቸዋለህ። ከሸዋ ከመጡ ጀምሮ «እኔ ኦሮምኛን ከነሥሯ ነቅዬ ነው የያዝኳት» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሰላምታቸው ያማረ ነው፤ «አከም ጂርቱ» ብለው ከጀመሩ ከብቱንም ሰብሉንም ጎረቤቱንም ጠይቀው ሳይጨርሱ ጥላ ይዞራል። ከሰላምታው በኋላ ግን ለእሳቸው ኦሮምኛ ማለት አማርኛን ጮክ ብሎ መናገር ነው። እኔና አዱኛ ከሰፈር ልጅ ጋር አፍ የፈታንበት ቋንቋ ስለሆነ ከጓዳ ሆነን አፋችንን በነጠላ አፍነን እንስቅ ነበር። ችሎት ላይ ግን የሚስቅ የለም። ዳኛው ኦሮምኛ አያውቁም፣ ባላገሩ አማርኛ አያውቅም፣ መሀል ላይ አባባ ቆመዋል። ባላገሩ ልቡ እስኪወልቅ ተናግሮ ሲጨርስ ዳኛው የሚሰሙት የአባባን አፍ ነው። ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ አባባ ጫማቸውን ሲያስውቡ ችሎቱ ረፈደባቸው። እኔንም እማማ ክር ግዢ ብላ ልካኝ ነበርና አብረን ወጣን። መቆሚያው ጋ ስንደርስ ሁሉም ቢስክሌት ቁልቁል ወርዷል፤ አንዲት ብቻ ለብቻዋ ተነጥላ አጥር ተደግፋለች። አባባ ካፖርታቸውን ጠቅልለው እሷን ያዙ። ኦቦ ባቻ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ያ ጎፍታ፣ ኩን ፍሬኒ ሂንቀቡ!» አሉ። ጌታዬ፣ ይሄኛው ፍሬን የለውም ማለታቸው ነው። ፍሬን ከጣሊያን መጥታ አማርኛ ሆነች፣ ከዚያ ወለጋ ደርሳ ኦሮምኛ ሆነች፤ ተለውጣ ተለውጣ አባባን ግን ማለፍ አቃታት። አባባ የሰሙት «ፊረ ሂንቀቡ» ነው፤ ዘመድ የለኝም።

ፊታቸው ሲለሰልስ አየሁት። የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አድርገው «ኑቲ ፊረኬቲ!» አሉ፤ እኛ ዘመድህ ነን። ኦቦ ባቻ ግራ ገባቸው፤ ፍሬን ለሌላት ቢስክሌት ዝምድና ምን ይሠራላታል? እንደገና ጮክ ብለው «ፍሬኒ ሂንቀቡ፣ ጎፍታ!» አሉ። ዓይናቸው እንደ ልማዱ ይፈስሳል፤ አባባም ያንን እንባ ሲያዩ የራሳቸው ዓይን ረጠበ። እኔ «አባባ፣ ፍሬን የለውም እኮ ነው የሚሉት!» ብል «ዝም በይ! ሰው ኀዘኑን ሲያጫውተኝ አታቋርጪ። ኦሮምኛን ደግሞ ካንቺ አልማርም። ውጪ ከኋላ!» አሉኝ። የአባት ትእዛዝ ነው ብዬ ወጣሁ፤ ለምን እዋሽሃለሁ፣ መጋለቡም አምሮኝ ነበር። ኦቦ ባቻ ከኋላ መቀመጫውን ይዘው ጥቂት ተጎተቱ። አባባ ዞር ብለው «አይዞህ፣ እመለሳለሁ፣ ብቻህን አትሆንም!» አሏቸውና ፔዳሉን መቱት።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል ጋሼ። ነፋሱ ነጠላዬን ነጠቀኝ፤ አባባ «በጣሊያን ጊዜ እንዲህ ነበር የምነዳው!» ይላሉ። ወፍጮ ቤቱን ስናልፍ ግን ቁልቁለቱ አፉን ከፈተ። አዳሩን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ቅባት አድርጎታል። አባባ እጀታውን ጨበጡ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ጨበጡ። ከዚያ ቀስ ብለው «አይይዝም» አሉ። የአባባ ድምፅ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ድምፅ ነው ነፍሴ የወጣችው። ገብርኤልን ጠሩ፣ ጊዮርጊስን ጠሩ፣ ሁለቱም ሲዘገዩባቸው ጆቴን ተራገሙ። እኔ ወገባቸውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መጨፈኑ ባሰብኝና ገለጥኩት።

ሰው ዞር እንዲል አባባ አንድ እጃቸውን አውጥተው ያወናጭፋሉ። እዚህ አገር ደግሞ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እጁን አንሥቶ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ነገ ችሎት ሲቆም አፉ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ባላገሩ ሁሉ ሰላም ያሉት መሰለውና መንገዱ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሞ ባርኔጣውን እያወለቀ ይሰግዳል! አባባ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በጮኹ ቁጥር ስግደቱ ወደ መሬት ይጠጋል። አንዱን በቀኝ ሳትነው፣ አንዱን በግራ። የቅቤ ነጋዴዋ አዴ ድርቤ ግን በኮባ የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ራሳቸው ላይ እንደ ያዙ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ከዚያ ቀና አላሉም።

እግራቸው ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ደረቅ ጭራሮ ጉልበትህ ላይ ስትሰብር የሚሰማው ዓይነት ነው። እኔ ተወርውሬ ጭቃው ላይ ነበርኩ፤ ከግንባሬ የሚንቆረቆር ሙቅ ነገር ስዳስስ አንጎሌ መሰለኝ። ቅቤው ነው። አዴ ድርቤ ግን አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም፤ ራሳቸው ከድንጋይ ተጋጭቷል። ሰው በቃሬዛ ይዟቸው ወደ ሆስፒታል ሮጠ። አባባ ወለም ያለ እጃቸውን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያያቸው አንድም የሚሰግድላቸው አልነበረም። ፖሊስ ሲመጣ «ጠባቂው ስለ ዘመዶቹ አጫወተኝ እንጂ ስለ ፍሬን አንድ ቃል አልተነፈሰም» አሉ። ከልባቸው ነው የተናገሩት፣ እኔ ምስክር ነኝ። በዚያው ቃል ኦቦ ባቻን ከመቆሚያቸው አንሥተው ጣቢያ አስገቧቸው፤ የጆቴም ቢስክሌቶች ሁሉ ተከትለው ታሰሩ።

ቤት ስንገባ የሰማሁትን ለእማማ ነገርኳት። እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና «ስሚኝ ልጄ፣ አባትሽ የሚያበሉን በጆሯቸው ነው። ጆሯቸው ሳተ ብለሽ አደባባይ ከተናገርሽ ነገ ምን እንቀምሳለን?» አለች። «ኦቦ ባቻስ?» ብላት «ለእሳቸው እግዚአብሔር አላቸው» አለች፤ ፊቷን ግን ከእኔ አዞረች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰዉ ሁሉ «ድርቤ ካልነቃች ባቻ በነፍስ ይጠየቃል» ይላል። ቅዳሴው ውስጥ ቆሜ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ቁልቁለቱ ይመጣብኛል። አባባን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ካየኋቸው ከአፌ ያመልጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አፋፉ ደግሞ የእኛ ቤት ነው።

ሰኞ ጣቢያ ተጠራን፣ አባባ ምስክር፣ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ምስክር። መርማሪው መቶ አለቃ መሸሻ ይባላሉ፤ በቅርቡ ከመንዝ ተዛውረው የመጡ፣ ጢማቸው ከማዕረጋቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ኦቦ ባቻን አስገቡና ቃላቸውን ሊቀበሉ ብዕር አነሡ፤ አንድ ቃል አይገባቸውም። «አስተርጓሚ ጥሩ» አሉ። ወታደሩ ወጥቶ ቢፈልግ በከተማው ያለው አስተርጓሚ በረንዳው ላይ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተራውን የሚጠብቀው ምስክር ነው! ተመልሶ «ጌታዬ፣ አስተርጓሚው ምስክሩ ነው» ቢላቸው መቶ አለቃው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አስተርጓሚው ይግባ፣ ምስክሩ ውጭ ይቆይ» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ፈንድቼ እባረር ነበር። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም፤ ለምን ብትል እኔም ከማዕዘኑ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ የሚባለውንም በሁለቱ ቋንቋ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ።

ኦቦ ባቻ አባባን ሲያዩ አልተቆጡም። እንደ ወጉ ሰላም አሏቸው፣ እጃቸው እንዴት እንዳደረ ጠየቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ እጀታ እንደሚጨብጥ ሰው ጣታቸውን አጠፉና «ፍሬኒ» አሉ። ፈቱና እንደገና አጠፉ፤ «ፍሬኒ ሂንቀቡ ጄዴን፣ ጎፍታ። ፍሬኒ!» ፍሬን የለውም ብዬ ነበር ማለታቸው ነው። የአባባ ፊት ቀስ በቀስ እንደ አመድ ሆነ። ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እየፈራሁ አየኋቸው፤ ቢስክሌቱ ላይ ልወጣ ስል ያልኳቸው ነገር ያን ጊዜ ጆሯቸው ደረሰ።

መቶ አለቃው «እ? ምን ይላል?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሲነካ ይሰማል። ጋሼ፣ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ቁልቁለቱ ላይ አልፈራሁም። አባባ «ዘመድ የለኝም ነው ያልኩት ይላል» ቢሉ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው አይሰሙ፣ መቶ አለቃው አይሰሙ፣ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የእማማ ቃል አለብኝ። «ንግግሩ ረጅም ነበር እንዴ?» አሉ መቶ አለቃው። አባባ «አጭር ነው። ፍሬን የለውም ብዬ ነግሬያቸው ነበር ይላሉ» አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸውም «እውነታቸውን ነው። እኔ ዘመድ የለኝም ያሉኝ መስሎኝ ነው» ብለው ጨመሩ።

መቶ አለቃ መሸሻ ሳቁ። ጢማቸው እስኪርገበገብ፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቁ፤ ወታደሩም ሳቀ፤ ኦቦ ባቻ እንኳ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ለይሉኝታ ፈገግ አሉ። ከዚያ መሀል ላይ የመቶ አለቃው ሳቅ ቀጥ አለ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠራርገው «ቆይ፣ ችሎት ላይ የሚያስተረጉሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አሉ። አባባ «ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ባቻ በዚያው ሰዓት ተፈቱ። አዴ ድርቤም በማግስቱ ዓይናቸውን ገለጡ፤ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እግራቸው አይደለም፣ ቅቤዬን ማን አነሣው ነው ያሉት። ሐኪሙ እግራቸው እስኪጠገን ብዙ ይተኛሉ ብሏል፤ ነፍሳቸው ግን ተርፋለች። እማማ በየቀኑ አጥሚት ትወስድላቸዋለች፤ እሳቸውም «አስተርጓሚው በሰላምታ ገደሉኝ» እያሉ ጎብኚውን ሁሉ ያስቃሉ። የጆቴም ቢስክሌቶች ተለቀዋል። አሁን ኦቦ ባቻ ማንንም በቃል አያምኑም፤ የተከራዩን እጅ ይዘው እጀታው ላይ ያደርጉና ያስጨብጡታል፣ ጎማው ሲይዝ ካላዩ አይለቁትም። ትናንት የነፍስ አባታችንን እጅ እንዲያ ይዘው ሲያስጨብጡ አይቻለሁ፤ እሳቸው መስቀል ሊያሳልሙ የመሰላቸው ይመስለኛል።

አባባን ግን ፍርድ ቤቱ «እስኪጣራ ድረስ ከቤትዎ ይቆዩ» አላቸው። ወሬው በገበያው ወጣ፣ በካሚዮን ተጭኖም እስከ ጉቴ ደረሰ። ሻይ ቤት ያለው ቦዘኔ ሁሉ «ፊረ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። እኔ ራሴ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ከዚህ የባሰ ስም አወጣ ነበር። አባባ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርህ፤ ፊደሉ የሚወላገደው ስለዚህ ነው። ገና ቁርስ ሳንበላ አንድ ሰው አጥሩ ጋ ቆሟል። ጋቢው በጤዛ ርሷል፣ ከጉቴ በእግሩ የመጣ ነው። ኦቦ ሞረዳ ይባላሉ። ግቡ ብንላቸው አልገቡም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። በመጨረሻ አባባ ራሳቸው ወጥተው ሰላም አሏቸው፣ ሰላምታውም እንደ ወትሮው ረዘመ። ሲያልቅ ኦቦ ሞረዳ በጣም በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ በእኔ ነገር ላይ ለዳኛው ምን ብለህ ነበር? አሉ።

አባባ ወንበር አስወጡላቸው። እኔን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ጆሮዬን አላምነውም። የሚሉትን አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። የእኛ አባት ጋሼ! ቃል ሳርማቸው በኩርኩም ይሉኝ የነበሩት! እኔ በዚያ ፈንታ አሥር ኩርኩም በወደድኩ ነበር።

ነገሩ የመሬት ነው። አንድ ሰው የኦቦ ሞረዳ አባት ሳይሞቱ ወንዝ ዳር ያለውን ማሳ ሸጠውልኛል ብሎ ከሰሳቸው። ኦቦ ሞረዳ ችሎት ቆመው ተናገሩ፣ አባባ አስተረጎሙ፣ ዳኛው «በገዛ አፍህ አምነሃል» ብለው ፈረዱባቸው። «እኔ መቼ አመንኩ?» አሉ ሞረዳ፤ «ይኸው ስንት ዘመን ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ። ሚስቴም ምን ብለህ ተናገርክ ትለኛለች። አፌ ሳላውቀው ከዳኝ እላለሁ።» አባባ ያን ቀን የተናገሩትን በዚያው ቃል እንዲደግሙላቸው ለመኗቸው። ኦቦ ሞረዳ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ችሎት እንደ ቆመ ሰው አስተካከሉና «አባን ኮ ለፈ ሂንጉርጉሬ» አሉ።

አንተ ታውቀዋለህ፤ እዚህ አድገሃል። ሬዋን ካላላሃት አባቴ መሬት ሸጧል ነው፤ ካጠበቅሃት አባቴ መሬት አልሸጠም ነው። ብትጽፈው አንድ ነው፣ እንደ በዓሉ ገናና እንደ ቀረው ገና። ኦቦ ሞረዳ ሬዋን እንደ ጥፍር አጥብቀዋታል፤ ደንቆሮ እንኳ አይስታትም። አባባ ወደ እኔ ዞረው «ምን አሉ?» አሉኝ። እማማ ከበሩ መቃን ቆማ ዓይኗን ተክላብኛለች። «አባቴ አልሸጠም ነው የሚሉት» አልኩ። «አልሸጠም?» «አልሸጠም፣ አባባ።»

አባባ «እኔ ሸጧል ብያለሁ» አሉ፤ ለማን እንደ ተናገሩት አላውቅም። ከዚያ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። እማማ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዛ «በገዛ እግርዎ? ልጆቹን ምን ብዬ ላሳድግ?» ብትል «የሺአረግ፣ ልቀቂኝ» አሏት፤ ሳይቆጡ። ለኦቦ ሞረዳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪልኝ። አብረን ዳኛው ዘንድ እንሂድ፣ ስሕተቱን እኔ አስረዳለሁ በያቸው» አሉ። ነገርኳቸው። ኦቦ ሞረዳ ዱላቸውን አንሥተው ከጎናቸው ሆኑ። የመንገዱን ጠርዝ ጠርዝ ይዘው በእግራቸው ሲወርዱ እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየሁ።

ይህን ስጽፍ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ አባባ አልተመለሱም። አዱኛን ሰደን ነበር፤ የችሎቱ በር ተዘግቷል፣ ውስጥ ሰው ይነጋገራል ብሎ መጣ፣ ሌላ ያወቀው የለም። ጋሼ፣ ፈቃድ የሚሰጡህ ከሆነ ናልን። ባይሰጡህም የምታውቀው ትልቅ ሰው ካለ ቃል አስልክልን። እኛ ቤት አሁን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁላችንም በር በር እናያለን።

በሩ ጋ ደግሞ ሰው አለ። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ መጣች፤ ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የጊዳ አያና ሰዎች ይመስሉኛል። አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። «አስተርጓሚው አሉ?» ይላሉ በኦሮምኛ፣ በጣም በትሕትና። እማማ መስኮቱን ዘግታ «የለንም በያቸው፣ አትውጪ» ትለኛለች። እሷ የሚሉትን አትሰማም፤ አዱኛም ጥግ ይዞ አንሶላ ተከናንቧል። እኔ ግን የሚሉት ሁሉ ይገባኛል።

በል እንግዲህ፣ ለእትዬ ምንትዋብ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ ወገቧን በሞቀ ጨው ትተኮስ። ሕፃኑን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ቤት ያከራዩአችሁን አሮጊት፣ ባላውቃቸውም፣ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። የጋራዥ ጓደኞችህንም ሰላም በላቸው። ከዚህም እማማ እንባዋን እየጠረገች ትስምሃለች፤ አዱኛ ከአንሶላው ውስጥ ይስምሃል፤ ኦቦ ባቻም ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰሙ «ፍሬን ሳይዝ እንዳይሄድ በይው» ብለውሃል። የአባባን ሰላምታ ከመጡ በኋላ ራሳቸው ይጽፉልህ ዘንድ ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።

ሴትዮዋ እንደገና ጠራች። ልከፍትላቸው ሄድኩ።

እኅትህ ሸዋጌጥ ሽብሩ
ለቀምት፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.